በእድሩ ጄኔሬተር የተሠራ ሌዘር

ኅዳር 8፣ 2008፣ ቡራዩ

መብራት ሄደ። ደግሞ! ጠዋት ብቅ አለ፣ ሰላም አለን፣ ሳይቀመጥ ተመልሶ ወጣ። ሲሙሌሽኔ ግማሽ ላይ ነበር። የላፕቶፔ ባትሪ ካረፈ ቆይቷል፤ ሶኬቱ ሲሞት አብሮ ይሞታል፤ ታማኝ ነው። አማካሪዬ ዶክተር እውነቱ «በየመሃሉ እያስቀመጥሽ ሂጂ» ይላሉ። እያስቀመጥኩማ ነው። የቸገረኝ ማስቀመጡ ሳይሆን መቀጠሉ ነው።

እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ የመመረቂያ ጽሑፌን ካላስገባሁ ምዝገባዬ ይሰረዛል። ሁለቴ አራዝመውልኛል፤ ሦስተኛ የለም። የቀረኝ ደግሞ አንድ ግራፍ ነው። አንድ! ለአንድ ግራፍ ብዬ የዓመታት ድካሜን ውሃ ሲበላው ቁጭ ብዬ ላይ ነው?

እማዬ ሽንኩርት እየላጠች «ለመሆኑ ይሄ ቀኑን ሙሉ የምታፈጥጪበት ነገር ምንድነው?» አለችኝ።

«ፖላሪቶን ይባላል እማዬ። ብርሃንን በሁለት መስታወት መሃል ታግቺዋለሽ። መሃሉ ላይ ሴሚኮንዳክተር አለ፣ ያ ቺፕ የሚሠራበት። ብርሃኑ መውጫ ሲያጣ ከቁሱ ጋር ይደባለቅና ግማሹ ብርሃን፣ ግማሹ ቁስ የሆነ ቅንጣት ይወለዳል።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይሞታል። ዓይንሽን ሳታርገበግቢ።»

«በስመ አብ!» አለች፤ ሽንኩርቱን ትታ አየችኝ።

የእንቁላል ካርቶን አመጣሁና አሳየኋት። ትንንሽ ምሰሶዎችን እንደዚህ በመደዳ ትደረድሪያለሽ፣ ቅንጣቶቹን እየደረደርሽ ታስገቢያለሽ፣ ከላይ ብርሃን ትመግቢያለሽ። የሞተውን እየተካሽ፣ ሳታቋርጪ። መጠኑ ከአንድ ደረጃ ሲያልፍ ሁሉም ባንዴ እኩል ይነሳሉ። ያ ሌዘር ነው፤ ያውም በትንሽ ጉልበት። በላብራቶሪ አስቸጋሪ የሆኑ ማግኔቶችንም በዚሁ ካርቶን አስመስሎ ማጥናት ይቻላል። የእኔ ጥያቄ ቀላል ነው፦ እውነተኛ ካርቶን እንከን አለው፤ አንዱ ጉድጓድ ይሰፋል፣ አንዱ ይጠባል። እንከን ባለው ካርቶን ላይ አሁንም እኩል ይነሳሉ ወይ? መልሱ እንዲታመን ብዙ የተለያየ እንከን ያለው ካርቶን በኮምፒውተር መሞከር አለብኝ።

እማዬ ጨለማውን ሳሎን ዞር ብላ አየችና «ስለ ብርሃን የምታጠኚው እዚሁ ነው?» አለች። ሳቅኩኝ።

ኅዳር 12

የእድር ስብሰባ። እማዬ የእቃ ቤቱ ቁልፍ ያዥ ስለሆነች ተከትያት ሄድኩ። እድሩ ጄኔሬተር አለው፤ ከድንኳኑና ከአግዳሚ ወንበሮቹ ጋር አቧራ ሲጠጣ የሚከርም። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተነሳሁና ለትምህርቴ እንዲያከራዩኝ ጠየቅኩ።

የእድሩ ዳኛ ኦቦ ዲሪባ ናቸው። ቀስ ብለው ያወራሉ፣ ቀስ ብለው ይቆርጣሉ።

«ሰው ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ አልሞተብኝም!»

«እንግዲያ ሲሞትብሽ ነይ። በሕይወት ላለ ሰው ጄኔሬተር የለንም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ውጪ ስወጣ ግን ንዴቴ ሊያፈነዳኝ ነበር።

ኅዳር 17

አቶ ጌታቸው አረፉ። ገፈርሳ ግድቡ ላይ ዘበኛ ሆነው ያረጁ፣ ዘጠና ያለፋቸው ሰው። ነፍሳቸውን ይማር። ድንኳን ተተከለ፣ ጄኔሬተሩም ወጣ።

ቦርሳዬን ይዤ ሄድኩ። ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ጆኒ ነው። «ስልኬን ቻርጅ ላድርግ» አልኩት። ቦርሳውን መዘነና «ስልክሽ ይከብዳል» አለ። ግን ሰካልኝ። ላፕቶፑን በፍጥነት አስነስቼ፣ ክዳኑን ዘግቼ ከአግዳሚው ሥር አስቀምጬ ነጠላዬን ጣል አደረግኩበት። ሥራውን ቀጥሏል፤ ሙቀቱ ቁርጭምጭሚቴን ያሞቀኛል። ድምፁን ጄኔሬተሩ ይውጠዋል። ከዚህ የተሻለ ላብራቶሪ አይቼ አላውቅም።

ኅዳር 20

ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጥኩ። የሟች የልጅ ልጆች እንኳን እንደኔ አልተቀመጡም። ዛሬ ጎረቤታችን ሙሉዬ ለሴቶቹ «እዩዋት፣ ጭሱ ላይ፣ ማንም የማይፈልገው ቦታ ላይ! የውባንቺ ልጅ እኮ አንጀቷ ለሰው ነው» ስትል ሰማኋት። እማዬ ወደ እግሬ ሥር አየች፣ ወደ ፊቴ አየች። ቤት ስንገባ ግን «አታፍሪም?» አለችኝ።

አፍራለሁ። ብዙ ካርቶን ግን አልቋል።

ኅዳር 24

ታክሲ ውስጥ፣ ወደ አስኮ። ከፊት የተቀመጠ ክራባት ያሰረ ሰውዬ «ማስተር ፕላኑ ሲመጣ ቡራዩ አዲስ አበባ ትሆናለች፤ መሬት ወርቅ ይሆናል» ይላል። ከኋላዬ ቡሉኮ የለበሱ ሽማግሌ «ቡራዩስ አዲስ አበባ ትሁን፤ እኛ ምን እንሆናለን?» አሉ። ረዳቱ «ሒሳብ! ሒሳብ!» አለና ወሬው ተቋረጠ።

ዲፓርትመንት ደረስኩ፤ ላብራቶሪው ተቆልፏል። የጥናት ጓደኛዬ ትጊ በር ላይ አገኘችኝ። «አንቺማ ራስሽ ፖላሪቶን ነሽ፣ ግማሽ አባትሽ ግማሽ እናትሽ» አለችኝ። አባዬ ኦሮሞ፣ እማዬ ከጎጃም ስለሆኑ ነው። አምና ይህን ስትለኝ ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ። ዘንድሮ ሰው ሁሉ የትኛው ግማሽ ነሽ የሚል ነው የሚመስለኝ። «ሥራሽን ሥሪ» አልኳት። ደነገጠች። መልካም ልጅ እኮ ናት፤ ነገ እደውልላታለሁ።

ኅዳር 27

ዛሬ ቁርስ ላይ እማዬን «ያቺ ታች ሰፈር ያለችው ሴትዮ፣ ኩላሊት የታመመችው፣ እንዴት ሆነች?» አልኳት። እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ደህና ናት። እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ።

አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ የምገባበት ጠፋኝ። እኔ እኮ እንዲህ አልነበርኩም። ፌኔት፣ በሰው ሞት ቻርጅ የምታደርጊ ሆንሽ እንዴ?

ኅዳር 30

መንገድ ዝግ። ድንጋይ፣ ጎማ፣ ጭስ። ትምህርት ቤቶቹ ባዶ፤ ተማሪዎቹ ማስተር ፕላኑን ተቃውመው ወጥተዋል። የሚጮኽ ነገር ከወደ ከታ ሰፈር። እማዬ «ርችት ነው» አለች። በኅዳር ርችት። በሩን ቆለፈች። መብራት የለም። ሠላሳ ቀን ቀረኝ። ካርቶን ብዙ ቀረኝ።

ታኅሣሥ 5

ከላይ ሰፈር የአዴ ድንቅቱ ልጅ ሞተ። ጋሮማ ይባላል። ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ነበር፤ ትናንት ቤተሰቡን ሊያይ መጥቶ ነው አሉ። እንዴት ሞተ ስትል ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። አንዷ «ወድቆ ነው» አለች፣ አንዱ «ድንገተኛ ሕመም» አለ። ሕመሙ የትኛው ጎዳና ላይ እንደያዘው ሁሉም ያውቃል።

ከሰዓት የእድሩ ኮሚቴ እኛ ቤት ተሰበሰበ። ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። «ድንኳን ብንተክል ስማችን ይያዛል» አለ አንዱ። «ገንዘቡን በድብቅ እንስጣቸውና ይብቃ» አለ ሌላው። ከዚያ ኦቦ ዲሪባ፣ ቀስ ብለው፦

«ደንባችን ‹ሰው የሞተበት› ነው የሚለው። ‹እንዴት የሞተበት› አይልም። ውባንቺ፣ ቁልፉን አምጪ።»

እማዬ ሰጠቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ግን ንቅንቅ አትዪም። ይሄኛው ሌላ ነው» አለችኝ። በጓሮ በር ወጣሁ። እዚህ ደብተር ላይ አልዋሽም፦ ለጋሮማ ብዬ አልሄድኩም። ፊቱንም አላውቀውም።

ድንኳኑ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። አግዳሚዎቹ ተደርድረዋል፣ የሚቀመጥባቸው የለም። ዘመዶቹና ኦቦ ዲሪባ፣ ከዚያ እኔ። ጆኒ ሳልጠይቀው ሰካልኝ።

ታኅሣሥ 6

ሰው በመንገዱ ያልፋል፣ ከሩቅ «እግዜር ያጽናዎት» ይላል፣ እርምጃውን ይጨምራል። በባዶ ድንኳን ውስጥ መደበቅ እንዴት ይከብዳል! ካሁን አሁን «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?» የሚለኝ መጣ እያልኩ ነጠላዬን ወደ ላፕቶፑ እስባለሁ። ላፕቶፑ ሥራውን እየሠራ ነው።

ወደ ማታ አዴ ድንቅቱ ከፊት ተነስተው፣ ባዶዎቹን አግዳሚዎች አልፈው፣ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ቀጭን ሴት ናቸው፤ እጃቸው ግን ከባድ ነው። እጄን ያዙኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በልተሻል?» አሉኝ። ይሄ ብቻ። ልጁ የሞተበት ሰው እኔን በልተሻል ይበል?

ታኅሣሥ 7

ጉድ ፈላ።

ሙሉዬ ዛሬ መጣች፤ ከእሷ ጋር ሦስት አራት ሴቶች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና ከኋላዬ ተቀምጣ ስታንሾካሹክ ጆሮዬ ሰማ። «የጋሮማ እጮኛ እኮ ናት! በድብቅ ነበሩ። እንጂማ ዘመድ ሳትሆን ማን እንዲህ ይቀመጣል? ልጅቷ ያልፈራችውን እኛ ምን ሆነን እንፈራለን?»

ዞሬ «ኧረ አይደለሁም» ልል ነበር። እምላለሁ ልል ነበር። ግን እንግዲያ ምን ትሠሪ ነበር ቢሉኝስ? ነጠላውን ገልጬ ላሳያቸው? አንገቴን ደፋሁ። አንገት መድፋት ውሸት አይደለም። አይደለም አይደል?

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ግማሽ ሞላ።

ታኅሣሥ 8

ዛሬ ሦስተኛው ቀን አልፎ ድንኳኑ መነሳት ነበረበት። ካርቶኖቼ አላለቁም፤ ልቤ ወልቆ ነው የመጣሁት። አዴ ድንቅቱ ግን ኦቦ ዲሪባን ጠርተው «ሰው ገና እየመጣ ነው፣ እስከ ሰባተኛው ቀን ይቁምልኝ» አሏቸው። ከዚያ ጨመሩ፦ «ጄኔሬተሩም ይቆይ። ለልጅቷ ሲባል።»

ለልጅቷ ሲባል! እጮኛው ነኝ ብለው አምነዋል ማለት ነው። ምነው መሬት በተከፈተች። ነገ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ነገ፣ መጀመሪያ ነገር።

ታኅሣሥ 9

አልነገርኳቸውም። ሰው በዛ።

ታኅሣሥ 10

አልነገርኳቸውም። እስቲ እንግዲህ።

ታኅሣሥ 11

ወጣ! ግራፉ ወጣ!

ምሽት ላይ ነው፤ ድንኳኑ ጢም ብሏል፣ ወንዶቹ ውጪ ድረስ ቆመዋል። ነጠላውን ተከናንቤ፣ ከሥሩ ስክሪኑን በጣት ስፋት ከፍቼ አየሁ። መስመሩ መሬት መሬት ሲሄድ ቆይቶ ደረጃው ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይነሳል። እንከን ያለበት ካርቶን፣ ጉድጓዱ ሁሉ የተዛባ፣ አሁንም እኩል ይነሳል! ትንሽ ዘግይቶ፣ ትንሽ ተጨማሪ ብርሃን ፈልጎ፤ ግን ይነሳል። እንከኑ ከልክ ሲያልፍ ብቻ ነው የሚበታተነው፤ ልኩንም አገኘሁት። ሌዘሩን የሚሠራው ሰው ምሰሶዎቹን ምን ያህል ቢያዛባ እንደሚታለፍለት አሁን ሊነገረው ይችላል። በዓለም ላይ ለጊዜው ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ቡራዩ፣ ለቅሶ ቤት፣ ጄኔሬተር አጠገብ።

እንባዬ መጣ። በደስታ! ልይዘው አልቻልኩም፣ ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ። ሙሉዬ አየችኝና «ወይኔ ልጄን!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ድንኳኑ በሙሉ ተነሳ፤ ሳምንቱን ሙሉ በፍርሃት ታምቆ የነበረ ለቅሶ ባንዴ ፈነዳ። የጋሮማን ስም በአደባባይ ሲጠሩት ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፤ ወንዶቹም ጮኸው ጠሩት። አዴ ድንቅቱ መጥተው አቀፉኝ፤ እኔ በደስታ፣ እሳቸው በልጃቸው፣ ተቃቅፈን አለቀስን።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ታኅሣሥ 13

ድንኳኑ ትናንት ተነሳ። ጄኔሬተሩ እቃ ቤት ገባ። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ታኅሣሥ 20

እየጻፍኩ ነው። መብራት ሲመጣ በኮምፒውተር፣ ሲሄድ በእጅ። ከትጊ ጋር ታረቅን፤ ምዕራፍ ሁለትን እያረመችልኝ ነው፣ ቀልዱን አልደገመችውም።

ዛሬ ገበያ ላይ አዴ ድንቅቱን አገኘኋቸው። ሽንኩርት ከሚሸጡት ሴቶች ፊት አገላብጠው ሳሙኝና «ልጄ ናት» አሏቸው። አንዷ ሽንኩርት መርቃ ሰጠችኝ። ይዤው ቤት ገባሁ። እማዬ «ከየት?» ስትለኝ ነገርኳት፣ ሁሉንም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ይሄንን የምታስተካክዪው አንቺው ነሽ። እኔ የማውቀው ቁልፍ መያዝ ነው» አለችኝ።

ታኅሣሥ 26

አስገባሁ! ታክሲ ስላልነበረ እስከ አስኮ በእግሬ። ጫማዬ አለቀ፣ እኔ ግን አላለቅኩም።

ዶክተር እውነቱ ግራፉን መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ አድርገው አዩት። «ይህን ሁሉ ሰዓት መብራት ከየት አገኘሽ?» አሉኝ። «ከእድር» አልኳቸው። ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው።

የምስጋናው ገጽ ላይ እሳቸውን፣ እማዬን፣ ትጊን፣ እድሩን ጽፌያለሁ። ጋሮማ ብዬ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። የማላውቀውን ሰው በምን አፌ?

ጥር 5

ማስተር ፕላኑ ቀረ! ተሰረዘ ተብሎ ታወጀ። ታክሲ ውስጥ ሰው ይሳሳቃል፣ ረዳቱ መልስ እንኳን በትክክል ሰጠ። አንዱ ግን ከጥግ «በዚሁ ያበቃል ብላችሁ ነው?» አለ፤ ማንም ወሬውን አልፈለገውም። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ?

ማታ እማዬ «ድንቅቱ ቤት ነበርኩ» አለች። አዴ ድንቅቱ የመሰረዙን ዜና ከሬዲዮ ሰምተው፣ ተነስተው ዘጉት። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ምስር መልቀም ቀጠሉ። «መቅረቱ ካልቀረ ምነው ከወር በፊት በቀረ» አለች እማዬ፤ አለቀሰች።

ጥር 13

ዲፌንስ። አለፍኩ! አለፍኩ አለፍኩ አለፍኩ!

አንዱ ፈታኝ «ቅንጣቱ ዕድሜው ይህን ያህል አጭር ከሆነ፣ መኖሩን በምን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ቀላል ጥያቄ ነው። «ሲሞት በሚወጣው ብርሃን ነው፣ እሱን ነው የምንለካው» አልኩ። አልኩና የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ጠፋኝ። ቆምኩ። ትጊ ከኋላ «ውሃ ጠጪ» ብላ በምልክት ነገረችኝ። ጠጣሁ፣ ቀጠልኩ። ድንጋጤ ነው ብለው ነው ያለፉት።

ነገ የጋሮማ አርባ ነው።

ጥር 14

መብራት ቀኑን ሙሉ ነበር። ጠዋትም ከሰዓትም። ጄኔሬተሩን ማንም አላወጣም። ላፕቶፔን ቤት ትቼ ነጠላዬን ብቻ ለብሼ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስሸመድድ ነበር፦ አዴ ይቅርታ፣ ልጅዎን አላውቀውም፣ መብራት ፈልጌ ነው። ሦስት ነገር። ለፈተና እንኳን እንዲህ አልሸመደድኩም።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ግቢው በሰው ሞልቷል። ኦቦ ዲሪባ በር ላይ «ገባ በዪ» አሉኝ። አዴ ድንቅቱ ከውስጥ አዩኝ። መጀመሪያ ያዩት ፊቴን አልነበረም፤ ትከሻዬን፣ ከዚያ እጄን፣ ከዚያ ወደ ኋላዬ።

«ቦርሳሽስ?» አሉኝ።

«አላመጣሁትም አዴ። እኔ እኮ... አዴ ድንቅቱ፣ አንድ ነገር...» ሽምደዳዬ ሁሉ ብን አለ። «እኔ እጮኛው አልነበርኩም።»

«አውቃለሁ» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። «ጋሮማ ሴት ቢወድ መጀመሪያ የሚነግረው ለእኔ ነበር። የአንቺንም ሽቦ የመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ። ጆኒን ነዳጁ እንዳይጎድል ያልኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ነበረ ሌላ የተቀመጠ?»

ሴቶቹ ቦታ ሊለቁልኝ ተጠጋጉ። ከፊት ጠረጴዛ ላይ ፎቶው አለ፤ ያን ሁሉ ቀን ከኋላ ሆኜ አንድ ጊዜ እንኳን ቀርቤ ያላየሁት። ሰፊ ግንባር፣ ሳቅ የጀመረ አፍ፣ አንገቱ ላይ የብየዳ መነጽር። ቆንጆ ልጅ ነው። አየሁት።

አዴ ድንቅቱ እጄን ያዙ፣ ያው ከባድ እጃቸው።

«ዛሬ ግን መብራት ሳይጠፋ መጣሽ» አሉኝ። «ዛሬ ለእሱ ብለሽ ነው የመጣሽው። ታኢ፣ ኢንተላ ኮ። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ፤ ስለ ጋሮማ ይነግሩኝ ጀመር።